ከምድጃ ጥቀርሻ እስከ ፋብሪካ ምርት፦ የካርቦን ደቂቅ ቱቦ አሠራር ታሪክ

ካርቦን የሰው ልጅ እሳት ማንደድ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የሚያውቀው ንጥረ ነገር ነው። ከሰሉ፣ የማድቤቱ ጥቀርሻ፣ የኩራዙ ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ሲበጠብጡ ጥላሸትን በግብዓትነት ይጠቀሙ ነበር። በኬሚስትሪ ትምህርት ግን ካርቦን ለተማሪው የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መልኩ ነው፤ አንዱ ጠንካራው አልማዝ፣ ሌላው በእርሳስ ውስጥ ያለው ልስልሱ ግራፋይት። ከእነዚህ አልፎ ስለ ካርቦን ደቂቅ ቱቦ፣ ማለትም በሙያው ቋንቋ ናኖቲዩብ ስለሚባለው እጅግ ቀጭን ቱቦ ሲነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋገማል። ይኸውም «ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 አገኘው» የሚለው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ለፈተና ጥያቄ ይመቻል። ለታሪክ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ተማሪው ስለ ሳይንስ አካሄድ የተሳሳተ ግምት ይዞ እንዲሄድ ያደርጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቱቦው የተሠራባቸውን ዘዴዎች በየዘመናቸው መከታተልና በዚያው መጠን መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊመዝኑት የሚገባቸውን ጉዳይ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ቅርጽ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ግራፋይት እርስ በርሳቸው የተነባበሩ ስስ ንጣፎች ስብስብ ነው። በእያንዳንዱ ንጣፍ ላይ የካርቦን አቶሞች ልክ እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን ተያይዘው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ንጣፍ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ሁለቱ ጠርዞቹ ስፌት በማይታይበት ሁኔታ ቢገጣጠሙ ደቂቅ ቱቦ ይሆናል። አንድ ንጣፍ ብቻ ከሆነ ባለ አንድ ግድግዳ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሸጎጡ ብዙ ቱቦዎች ከሆኑ ደግሞ ባለ ብዙ ግድግዳ ይባላል። የሰሌኑ ምሳሌ ለማስረዳት ያህል የተሰጠ መሆኑን መምህሩ ሳይዘነጋ ለተማሪዎቹ ቢነግር መልካም ነው፤ ቱቦው በተፈጥሮው ከመጀመሪያው ቱቦ ሆኖ ያድጋል እንጂ ማንም ንጣፍ ዘርግቶ አይጠቀልለውም። መጠኑ የሚለካው በናኖሜትር ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው ብንል፣ ውፍረታቸው 50 ናኖሜትር የሆኑ ቱቦዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ በጠጉሩ ስፋት ላይ 1,600 ያህሉ ይሰለፋሉ ማለት ነው። ባለ አንድ ግድግዳዎቹማ ከዚህም ብዙ ጊዜ ይቀጥናሉ።

ከጋዝ የካርቦን ክር የመሥራት ሐሳብ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቶማስ ኤዲሰን በ1879 ጥጥን አክስሎ የአምፑል ክር ካደረገ ወዲህ ቀጭንና ጠንካራ የካርቦን ክር የብዙ ሠሪዎች ምኞት ሆኖ ነበር። በ1889 ሂዩዝና ቻምበርስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ ባገኙት የፈጠራ መብት ሰነድ ላይ ሚቴንና ሃይድሮጅን በጋለ የብረት ማቅለጫ ዕቃ ውስጥ ሲያልፉ ጠጉር የመሰለ ካርቦን እንደሚበቅል ገልጸዋል። ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው በዚህ ሰነድ ውስጥ ኋላ የተራቀቀው ዘዴ ሦስት አካላት በሙሉ ይገኛሉ፤ ካርቦን ያዘለ ጋዝ፣ ብረትና ሙቀት። ያልነበረው የሚያይ ዓይን ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ማይክሮስኮፕ በብርሃን የሚሠራ ስለ ነበር ከብርሃን ሞገድ ያነሰን ነገር ለይቶ ለማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከክሮቹ መካከል ባዶ ውስጥ ያላቸው ደቂቅ ቱቦዎች ይኑሩ አይኑሩ በጊዜው ሊመረመር የሚችል ጥያቄ አልነበረም።

የሚያይ ዓይን የተገኘው ኖልና ሩስካ በ1931 በጀርመን አገር የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ከሠሩ በኋላ ነው። መሣሪያው ከ1939 ጀምሮ ለገበያ ቀረበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ገባ። በ1952 ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ ሁለት የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ በብረት ላይ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያፈርሱ ያገኙትን ጥላሸት በዚህ መሣሪያ መረመሩ። ያሳተሟቸው ፎቶግራፎች ውፍረታቸው 50 ናኖሜትር ያህል የሆኑ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ክሮችን በግልጽ ያሳያሉ። ጽሑፉ የወጣው በሩሲያኛ ቋንቋ፣ በሶቪየት የፊዚካል ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ነው። ጊዜው ደግሞ ቀዝቃዛው ጦርነት የበረታበት ስለ ነበር በምዕራቡ ዓለም ያነበበው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በሙያው መጽሔት ላይ ሞንቲውና ኩዝኔትሶቭ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች ይህን ሥራ በማውሳት የቀዳሚነቱን ክብር ጥያቄ በሰፊው ያነሡት በ2006 ነው፤ ይህም ከ54 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሳይንስ የዓለም የጋራ ንብረት ነው ሲባል የምንሰማውን አነጋገር ይህ ታሪክ በጥቂቱ ያርመዋል። የታተመ ነገር ሁሉ የተነበበ አይደለም፤ ማን እንደሚያነበውም በቋንቋው ይወሰናል። የሳይንስ ትምህርትን በባዕድ ቋንቋ ለምናስተምር ሰዎች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

በማግሥቱ ዓመት በ1953 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ከሌላ አቅጣጫ አጋጠማቸው። እነርሱ ይመረምሩ የነበረው የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች የውስጥ ጡቦች ለምን እንደሚፈራርሱ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በምድጃው ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይገኛል። ከዚህ ጋዝ ሁለት ሞሌኪውሎች የብረት ቅንጣት ባለበት ሥፍራ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኦክሲጅን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ የተራቆተው ካርቦን በዚያው ይቀራል። ይህ አጸግብሮት በፈረንሳዊው ኬሚስት በቡድዋር ስም ይጠራል። በጡቡ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ነጠብጣቦች ስለሚኖሩ ካርቦኑ በእነርሱ ላይ ትል በመሰለ ክር መልክ ይበቅላል፤ እየበዛም ሲሄድ ጡቡን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ የሞስኮው ጥላሸትና የእንግሊዙ የጡብ ጠንቅ የአንድ አጸግብሮት ውጤቶች ናቸው። አንደኛው በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ፣ ሁለተኛው በፋብሪካ ግድግዳ ውስጥ ከመገኘታቸው በቀር ልዩነት የላቸውም።

ከዚህ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል ስለ ካርቦን ክር የተጻፈው ነገር አብዛኛው ስለ መከላከል ነበር። ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን በሚወጣባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ የኒኬል ካታሊስት በካርቦን ክር ተወሮ ይሰባበር ነበር፤ ቧንቧዎችም ይደፈኑ ነበር። ስለዚህ ኬሚስቶች የክሩን አበቃቀል የሚያጠኑት ገበሬ የአረምን ጠባይ እንደሚያጠናው ነበር ለማለት ይቻላል። ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ የላቀው በእንግሊዝ አገር በሃርዌል የአቶም ምርምር ማዕከል ቤከርና ባልደረቦቹ በ1972 ያወጡት ነው። እነዚህ ሰዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ጋዝ የሚያስገባ ክፍል አበጅተው፣ በብየዳ ቤቶች የሚታወቀው አሴቲሊን በጋለ ኒኬል ላይ ሲፈርስ ክሩ ሲያድግ በዓይናቸው አዩ። በክሩ ጫፍ ላይ አንዲት የኒኬል ቅንጣት ተቀምጣ ክሩን እየጎተተች የምትሄድ ትመስል ነበር። ከዚህ በመነሣት የአበቃቀሉን ሥርዓት እንዲህ አስረዱ። ጋዙ በብረቷ ቅንጣት አንደኛው ፊት ላይ ይፈርሳል፤ ካርቦኑ በብረቷ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ሌላው ፊት ያልፋል፤ እዚያም መያዝ ከምትችለው በላይ ሲሆንባት ጠጣር ሆኖ ይወጣል። ቅንጣቷ በካርቦን ተሸፍና ጋዝ ሳይደርስባት ሲቀር ዕድገቱ ይቆማል። ይህ ገለጻ ከዚያ ወዲህ በብዙ ዝርዝር ተሻሽሏል፤ ሆኖም አሁንም ቢሆን ማናቸውም የቱቦ ማምረቻ ሲነደፍ መነሻው ይኸው ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የቅንጣቷ ስፋት የክሩን ውፍረት የሚወስን መሆኑ ነው። ቀጭን ቱቦ የሚፈልግ ሰው ትንሽ የብረት ቅንጣት ማዘጋጀት አለበት።

በሌላ በኩል በኤሌክትሪክ ቅስት የሚሠራው ዘዴ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ሁለት የግራፋይት ዘንጎች ተቀራርበው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲለቀቅባቸው በመካከላቸው የሚፈጠረው ቅስት ካርቦንን ያተናል፤ ተኑ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጋገራል። በ1960 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ሮጀር ቤከን በ92 አትሞስፌር የአርጎን ግፊት ይህን በማድረግ እስከ ሦስት ሴንቲሜትር የሚደርሱ እጅግ ጠንካራ የግራፋይት ጠጉሮችን አገኘ። ጠጉሮቹ በውፍረት ከደቂቅ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚበልጡ ሲሆኑ እርሱም እንደ ተጠቀለለ ወረቀት አድርጎ ገልጿቸዋል።

በ1976 ደግሞ አኜስ ኦበርሊን፣ ሞሪኖቡ ኤንዶና ኮያማ ቤንዚን የተባለውን ባለ ስድስት ካርቦን ውሁድ (የመኪናውን ነዳጅ ማለት አይደለም) ከሃይድሮጅን ጋር በ1,100 ዲግሪ ገደማ በማፍረስ ያገኙትን ክር ፎቶግራፍ አሳተሙ። ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ላይ የሚታየው ቱቦ ግድግዳው አንድ ወይም ሁለት ንጣፍ ብቻ ይመስላል። በ1987 በአሜሪካ ሃይፒሪየን ካታሊሲስ የተባለ ኩባንያ ውፍረታቸው ከ3.5 እስከ 70 ናኖሜትር የሆኑ የካርቦን ክሮችን ለማምረት የፈጠራ መብት አገኘ። ስለዚህ ቱቦው «ከመገኘቱ» አራት ዓመት አስቀድሞ የንግድ ዕቃ ለመሆን በመንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከሆነ ኢጂማ በ1991 ያገኘው ምንድን ነው? ጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። ክሮቶ፣ ስሞሊና ከርል በ1985 ስድሳ የካርቦን አቶሞች እንደ እግር ኳስ የተገጣጠሙበትን ሞሌኪውል አገኙ፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም ስለዚሁ ነው። በ1990 ክሬችመርና ሃፍማን ይህንኑ ሞሌኪውል በሂሊየም ውስጥ በሚነድ የካርቦን ቅስት በብዛት ለመሥራት መቻላቸውን ሲያስታውቁ የብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ጥላሸት ወደ መሰብሰብ ተመለሱ። በጃፓን አገር በጹኩባ ከተማ በኤን ኢ ሲ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኢጂማ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሊቅ ነበር። ሌሎች በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጥላሸት ሲፍቁ እርሱ በካቶዱ ዘንግ ላይ የተጋገረውን ቅርፊት መረመረ። በዚያም ከ2 እስከ 50 ንጣፍ ያላቸው፣ ውፍረታቸው ከ4 እስከ 30 ናኖሜትር የሚደርስ ቱቦዎችን አገኘ። ከቀደሙት የሚለየው ቁም ነገር ንጣፎቹ ጠመዝማዛ በሆነ ሥርዓት መጠቅለላቸውን በኤሌክትሮን ጨረር መርምሮ ማስረዳቱ ነው። አንባቢው ዓለምም በስድሳው አቶም ኳስ ምክንያት ለዚህ ዜና ተዘጋጅቶ ይጠባበቅ ነበር። እንግዲህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትክክለኛው አነጋገር «ኢጂማ የቱቦውን አወቃቀር አስረዳ፣ የዓለምንም ዓይን ወደ እርሱ መለሰ» የሚለው ነው። ይህም ትልቅ ሥራ ነው፤ በ2008 የካቭሊ ሽልማት ተካፋይ መሆኑም ተገቢ ነው። ቀዳሚ አግኚ ብሎ መሰየም ግን የ1952ቱን ፎቶግራፍ እንዳልነበረ መቁጠር ይሆናል።

ከ1991 በኋላ ያለው ታሪክ የብዛትና የጥራት ጉዳይ ነው። በ1992 የኢጂማ ባልደረቦች የነበሩት ኤብሰንና አጃያን የሂሊየሙን ግፊት በማስተካከል ቱቦውን በግራም ሚዛን የሚለካ አደረጉት። በ1993 ኢጂማና ኢቺሃሺ በአንድ ወገን፣ በአሜሪካ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ የሆነው ቤቱንና ጓደኞቹ በሌላ ወገን፣ በቅስቱ ውስጥ ብረት ወይም ኮባልት በመጨመር ባለ አንድ ግድግዳውን ቱቦ ሠሩ፤ ሁለቱም ጽሑፎች በአንድ መጽሔት እትም ላይ ጎን ለጎን ወጡ። በ1996 በሂዩስተን ከተማ የራይስ ዩኒቨርሲቲው የስሞሊ ቡድን ጥቂት ኒኬልና ኮባልት የተቀላቀለበትን ግራፋይት በ1,200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ በሌዘር እያተነ ከተገኘው ምርት ከ70 በመቶ በላይ ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ መሆኑን አስታወቀ። የሌዘሩ ምርት ንጹሕ ነበር። ዋጋው ግን ውድ፣ መጠኑም ጥቂት ስለ ነበር ለፋብሪካ የሚሆን ዘዴ አልነበረም።

በመጨረሻ ሁሉም የተመለሱት ወደ ጋዙና ወደ ብረቱ ነው። በ1999 ያው የራይስ ቡድን ካርቦን ሞኖክሳይድን እስከ 10 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት፣ ብረት ካዘለ ውሁድ ተን ጋር በጋለ ቧንቧ ውስጥ በማሳለፍ ያለማቋረጥ የሚሠራ ማምረቻ አበጀ። በሞስኮ ጥላሸት የሆነው፣ በእንግሊዝ ጡብ ያፈረሰው አጸግብሮት በሂዩስተን የማምረቻ ዘዴ ሆነ። የተለወጠው የብረቱ ቅንጣት መጠን ነው፤ ቅንጣቶቹ እዚያው በጋዙ ውስጥ ስለሚፈጠሩ እጅግ ጥቃቅን ሆነው ቱቦውን ያቀጥኑታል። በ2004 ደግሞ በጹኩባ ሃታና ባልደረቦቹ ኤቲሊን በተባለው ጋዝ ውስጥ በጣም ጥቂት የውሃ ተን ሲጨምሩ የብረት ቅንጣቶቹን የሚሸፍነው ቆሻሻ ካርቦን እየተጠረገ ዕድገቱ ሳይቆም እንደሚቀጥል አሳዩ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ 2.5 ሚሊሜትር ቁመት ያለው የቱቦ ደን በቀለ። ይህ አኀዝ ትንሽ መስሎ ለሚታየው ተማሪ መምህሩ እንዲህ ሊያሰላለት ይችላል፤ የቱቦው ውፍረት 2.5 ናኖሜትር ቢሆን ርዝመቱ የውፍረቱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ነው፤ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲባጎ አንድ ኪሎሜትር ርዝመት እንዳለው ያህል ይቆጠራል። በ2013 በቤጂንግ የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከግማሽ ሜትር በላይ የሚረዝም ቱቦ ማብቀላቸውን ገልጸዋል።

ለገበያ የሚቀርበው ምርት የሚገኘው ግን እንዲህ ካሉ ውብ ሙከራዎች ሳይሆን ካታሊስት የያዘ ዱቄት ከሥር በሚነፍስ ትኩስ ጋዝ እየተገፋ በእሳት ላይ እንዳለ ገንፎ ከሚፍለቀለቅባቸው ረጃጅም በርሜሎች ነው። ባለ ብዙ ግድግዳው ቱቦ በዚህ ዘዴ በብዙ ቶን ይመረታል፤ ዋነኛ አገልግሎቱም ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ወደ ሊቲየም ባትሪዎች ኤሌክትሮድ መቀላቀል ነው። በ2006 በጥንታዊ የደማስቆ ሰይፍ ብረት ውስጥ ደቂቅ ቱቦዎች ተገኝተዋል ተብሎ የተጻፈውን አንዳንዶች የጥንት የማምረቻ ዘዴ አድርገው ያቀርቡታል። አንጥረኛው ሰይፍ ሠራ እንጂ ቱቦ ለመሥራት አላሰበም፤ ስለዚህ ወሬው ለክፍል ማነቃቂያ ከመዋል አልፎ በዘዴዎች ታሪክ ውስጥ ሥፍራ ሊሰጠው አይገባም።

ለዕቅድ አውጪው ከዚህ ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የቤከርና የቡድኑ የ1972 ጥናት በምን የበጀት አርእስት ሥር ይመደብ ነበር? በዘመኑ ጠቃሚ ቱቦ ለመሥራት የታቀደ ምርምር አልነበረም፤ የተጠናው ብልሽት ነው። ለሥርዓተ ትምህርት ክለሳም ሆነ ለምርምር ገንዘብ ድልድል «የሚጠበቅ ውጤት» የሚለውን ዓምድ ብቻ አይቶ የሚወስን ኮሚቴ ይህን ጥናት አያሳልፈውም ነበር። በክፍል ውስጥም ቢሆን የተማሪው ሙከራ የተጠበቀውን ውጤት ሳይሰጥ ሲቀር በቱቦው ታች የቀረውን ጥቁር ነገር ጠርጎ ከመጣል አስቀድሞ ምን እንደሆነ ማስጻፍ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ይህ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው የደብተር ገጽና ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንደማይገኝ መምህራን ስለሚያውቁ፣ የክፍለ ጊዜው ድልድል የዕቅድ አውጪው ኃላፊነት ይሆናል።

ሁለት ጉዳዮች ገና አልተቋጩም። አንደኛው የጤና ነው። በ2008 የታተመ ጥናት ረጃጅም ባለ ብዙ ግድግዳ ቱቦዎች በአይጦች የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ አስቤስቶስ የሚያደርሰውን የመሰለ ቁስለት እንደሚያስከትሉ አሳይቷል። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት ቱቦ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ከሚባሉት ጋር የመደበው ሲሆን፣ ሌሎቹን ለመመደብ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። ሁለተኛው የአጠቃለሉ ጉዳይ ነው። ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ እንደ ተጠቀለለበት ማዕዘን አንዳንዱ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከፊል አስተላላፊ ይሆናል። ያለ ምርጫ ከሚበቅሉት ሲሶ ያህሉ ብረት መሰሎች ናቸው። በ2013 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 178 ትራንዚስተሮች ያሉትን ኮምፒዩተር ከደቂቅ ቱቦ ሲሠሩ፣ ከፊል አስተላላፊዎቹን አጥፍተው ከፍተኛ ጅረት በመልቀቅ ብረት መሰሎቹን አቃጥለው ማስወገድ ነበረባቸው። በ2019 ከ14,000 በላይ ትራንዚስተሮች ያሉት ሌላ ሲሠራም የብረት መሰሎቹ ጉዳይ የወረዳ ንድፉን ጭምር እንዲለውጡ አስገድዷል።